ዘይባ በግድግዳው ላይ ያበጀችው መንገድ

ዘይባ የተበላሸ ነገር ስታገኝ ወዲያው አትነካውም። በርጩማ ትስብና ከፊቱ ትቀመጣለች። ከዚያ፣ "ምን ሆነህ ነው አንተ?" ትለዋለች። ቧንቧም ቢሆን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃም ቢሆን፣ የበር ማጠፊያም ቢሆን እንደ ታመመ ዘመድ ትጠይቀዋለች። እኔ ሰርካለም በአንድ አጥር የምንዋሰን ጎረቤቷ ነኝ፤ ይህን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ፣ "ይቺን ሴት በርበሬው አናቷ ላይ ወጣባት እንዴ?" ብዬ ነበር። በርበሬ ማለቴ ያለ ነገር አይደለም፤ እንጀራዋ እሱ ነው። ከመስቃን ገጠር በጋሪ የሚመጣውን ተቀብላ ቡታጅራ ገበያ ላይ ትሸጣለች። ጥገናው ግን ፍቅሯ ነው።

እኔ እንደሷ አይደለሁም። የተበላሸ ዕቃ ያናድደኛል፤ ስናደድ ደግሞ እመታዋለሁ። አንድ ቀን ምድጃዬ አልግል ብሎኝ በጥፊ ሳጮለው በአጥሩ ላይ አየችኝና፣ "ሰርኬ፣ በአላህ ተይው! እየመታሽው እንዴት ብሎ ይንገርሽ?" ብላ ወሰደችው። ተቀመጠች፣ አገላበጠችው፣ ጠየቀችው። ጥቅልል ሽቦው የተበጠሰበትን ቦታ አገኘችና በፒንሳ ጎትታ አገናኘችው። ማታውን ሽሮዬ ፈላ። እኔም ከዚያ ወዲህ ዕቃ ስመታ በሬን ዘግቼ ነው።

ቤቷ ውስጥ እጇ ያልገባበት ነገር የለም። የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ በቆረጠችው ላስቲክ ዝም ብሏል። የተሰነጠቀው ጀሪካን በጋለ ካቻቢቴ ተለብልቦ ተገጥሟል። ጠረጴዛዋ ሦስት እግሩ የራሱ፣ አንዱ የአልጋ ነው፤ ሆኖም አይነቃነቅም። መሣሪያዎቿን የምታስቀምጠው በዱቄት ወተት ጣሳ ሲሆን ያን ጣሳ ከወርቅ አስበልጣ ነው የምትጠብቀው። ሁሉም ተሳክቶላታል ብዬ ደግሞ አልዋሽም። አንድ ጊዜ የበር ደወል ሠርታ ነበር፤ ሰው ሲመጣ ዝም፣ ዝናብ ሲመጣ ጩኸት። ክረምቱን ሙሉ "ማነው?" እያልን በር ስንከፍት፣ ዝናቡም እየገባ ስንታጠብ ከረምን። እሷ ግን አላፈረችም። ደወሉን አወረደችና ከፊቱ ተቀመጠች።

በኛ አገር ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሮ ድሮ እንጨት የሚጠርበው፣ የቤቱን ምሰሶ የሚያቆመው ሌላ ወገን ነው ተብሎ፣ በገዛ እጁ በሠራው ቤት ውስጥ አብሮ እንዳይበላ ይገለል ነበር። ሰው ጣሪያ አልብሶ በሰጠ ይናቃል! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዘመኑ አልፏል ቢባልም ሽታው ከቤታችን አልወጣም። የዘይባ አባት ጋሽ ሰማን በዘመናቸው የታወቁ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ፤ ሚዛን እንጂ መዶሻ ይዘው አያውቁም። መርካቶ ጨርቅ የሚነግደው ታላቅ ወንድሟ ሀቢቡም በደወለ ቁጥር፣ "የሰማን ልጅ ሚስማር ትመታለች ሲሉኝ አፍራለሁ። ሰው አትቀጥሪም?" ይላታል። እሷ፣ "እሺ" ትልና ስልኩን ዘግታ መዶሻዋን ታነሳለች።

ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች እሷ ናት። ወንድሞቿ ሁሉ አዲስ አበባ ናቸው። እናታቸውም ካረፉ ቆይተዋል። እናም የጋሽ ሰማን ዓይን መድከም ሲጀምር ያወቀችው እሷ ብቻ ነበረች። ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ የነርቭ ነው፣ ጠብታው ይዞ ያቆየው እንደሆነ ነው እንጂ የሄደው አይመለስም ተባለች። ጠብታውም ይዞ አላቆየውም። ብርሃኑ ቀስ በቀስ ሄዶ ሄዶ መስኮትን ከግድግዳ ለመለየት የሚበቃ ብቻ ቀረ።

ጋሽ ሰማን ግን የፈሩት ጨለማውን አልነበረም፤ ልጆቻቸውን ነው። ወንዶቹ ልጆች ከሰሙ ወደ አዲስ አበባ ይወስዷቸዋል። ለኛ ሰው አባትን ወስዶ ማኖር ክብር ነው፤ አባት ደግሞ "አልሄድም" ካለ ልጁን በሰው ፊት ማዋረድ ይሆንበታል። ከዓመት በፊት የልብ ጓደኛቸውን ልጆቻቸው እንደዚሁ በክብር ወስደው አራተኛ ፎቅ ላይ አኖሯቸው። ሽማግሌው ደረጃውን ፈርተው ከቤት ሳይወጡ ኖሩ፤ ወደ ቡታጅራ የተመለሱት ለቀብር ነው። ጋሽ ሰማን ከዚያ ቀብር እንደተመለሱ ልጃቸውን፣ "ዘይባ፣ እኔ በእግሬ መስጊድ እየሄድኩ እዚሁ ልሙት። ለወንድሞችሽ እንዳትነግሪ" አሏት። እሷም ቃል ገባች።

ቃል መግባቱ ቀላል ነው። እሷ ገበያ ስትውል እሳቸው ብቻቸውን ናቸው። መጀመሪያ ገመድ ልትዘረጋላቸው አሰበች። "ፍየል ነኝ እንዴ በገመድ የምታስሪኝ?" ብለው ተቆጡ። ዱላ ሰጠቻቸው። "በገዛ ቤቴ ውስጥ ግድግዳ በዱላ ልደበድብ?" አሉ። አዩልኝ እንግዲህ፣ ማየት ያቃተው ሰው ኩራቱ አልደከመ!

የዘይባ ብልሃት የመጣው እንደ ልማዷ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነው። ይህን ጊዜ ያፈጠጠችው ግድግዳው ላይ ነበር። በነጩ ቀለም ላይ፣ ከወገብ ከፍ ብሎ፣ የእጅ እድፍ መስመር ሠርቷል። አባቷ ሳይናገሩ፣ ምናልባትም ሳያውቁት፣ በእጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ነበር የሚሄዱት። ሌላ ሴት ብትሆን፣ እኔ ብሆን ለምሳሌ፣ በሳሙና አጥቤው እርፍ ነበር። እሷ ግን እድፉን እንደ ንድፍ ወሰደችው። ከእንጨት ሥራ ቤት የጣውላ ቁርጥራጭ ለቀመች፣ ላገችው፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው፣ ከዚያ እድፉ ባለበት ከፍታ ልክ ግድግዳው ላይ መምታት ጀመረች። ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን በር ጣውላውን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ሚስጥሩንም ያወቅሁት ያኔ ነው።

ነገሩ መደገፊያ ብቻ አልነበረም። ጣት የሚያነበው ምልክት አደረገችበት። በር ሲደርስ በጀርባው የተመታ ቆርኪ አለ። ደረጃ ከመምጣቱ በፊት ላስቲክ። ቧንቧው ጋ ጎን ለጎን የተመቱ የሚስማር አናቶች። እንዳያስታውቅ ደግሞ አረንጓዴና ነጭ ቀብታ ጌጥ አስመሰለችው። ሥራው ሳያልቅ እህቴ ወልቂጤ ወልዳ ልጠይቃት ሄድኩ፤ ስመለስ ጣውላው ሳሎኑን ጨርሶ በረንዳው ላይ ወጥቷል። ጋሽ ሰማንም ሽክ ብለው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ እጃቸውን ጌጡ ላይ ጣል አድርገው እያንሸራተቱ ወደ ቧንቧው ይሄዳሉ። ከሩቅ ላያቸው ቤቱን የሚጎበኝ ሹም ይመስላሉ። እንባዬ መጣ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" የሚባለውን ተረት እኔ ስተርተው ኖርኩ፤ ኖራበት ያየኋት ግን ዘይባን ነው።

እንግዲህ አረፋ መጣ። ለአረፋ አገሩ ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና መንገዱን ይሞላዋል። ዘይባ አልፈራችም። ወንድሞቿ በዓሉን ውለው ሳያውቁ ይመለሳሉ ብላ ነው። ጋሽ ሰማንም ልጆቻቸውን በድምፃቸው እየለዩ ስማቸውን እየጠሩ ለመሳም ተዘጋጅተዋል። ሁሉም ታስቦበታል። አንድ ነገር ብቻ አልታሰበም።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የተዋሱኝን አግዳሚ ወንበር ይዤ ገባሁ። ቤቱ ሞልቷል። ሴቶቹ ከዘይባ ጋር ጓሮ ጎመን ይከትፋሉ፤ ወንዶቹ ሳሎን ይሳሳቃሉ። ወንበሩን አስቀምጬ ቀና ስል ክው አልኩ። የጉራጌ ልጅ ለበዓል ሲገባ ባዶ እጁን አይገባም፤ ሻንጣው፣ ፌስታሉ፣ አዲሱ ልብሱ ብዛቱ! ያን ሁሉ የሚሰቅልበት ሲያጣ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተዘረጋ የሚያምር ጣውላ አገኘ። የሀቢቡ ኮት እዚያ ላይ ነው። የሚስቱ የሰልሚያ ሻርፕ እዚያ ላይ ነው። የልጆቹ ቦርሳ በበረንዳው በኩል፣ ልክ ላስቲኩ ላይ ተንጠልጥሏል። በመካከሉ የስልክ ቻርጀር እንደ ሐረግ ተጠምጥሞበታል።

ዘይባን ልጠራ ዞር ስል የአሱር ሶላት አዛን ተሰማ። ጋሽ ሰማን፣ "ውዱእ ላድርግ" ብለው የመታጠቢያ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ከመኝታ ቤታቸው ወጡ። እጃቸውን ወደ ጌጡ ሰደዱ። ኮት ያዙ።

ቆሙ። ኮቱን ዳበሱት፤ ሌላ ጨርቅ አገኙ፣ እሱን አልፈው ሌላ። ፊታቸው አልተለወጠም፤ ጣታቸው ግን መንገድ እንደ ጠፋበት ልጅ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። "ጋሽ ሰማን፣ ይቆዩ!" ብዬ ጮህኩ። ዘገየሁ። በልጆቻቸው ፊት ላለመቆም ብለው በግምት ተራመዱ፣ በሩን አለፉ፣ ከበረንዳው ደረጃ ላይ እግራቸው ባዶ አገኘና በጉልበታቸው ወደቁ። ማንቆርቆሪያው እየተንከባለለ ግቢው መሃል ደረሰ።

ሀቢቡ በረረ። አነሳቸው፣ አቧራቸውን አራገፈ። ከዚያ አንድ ነገር ጠረጠረና መዳፉን ከዓይናቸው ፊት ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው። ጋሽ ሰማን ዓይናቸውን አላርገበገቡም። ጓሮ የነበሩት ሴቶችም መጥተው ቆመው ነበር።

"አባ፣ አያዩም?" አለ ሀቢቡ።

ጋሽ ሰማን ማንቆርቆሪያቸውን ፍለጋ እጃቸውን ዘረጉ።

ሀቢቡ ወደ እህቱ ዞረ። "አንቺ ታውቂያለሽ! ደብቀሽን ነው? አባታችንን ጨለማ ውስጥ አስቀምጠሽ በስልክ 'ደህና ናቸው፣ አልሀምዱሊላህ' ስትይን የኖርሽው?"

"ደህና ናቸው እኮ" አለች ዘይባ። እጇ ላይ ጎመን ነበረ።

"ይሄ ነው ደህና? ወላሂ እዚህ አይቀሩም! በዓሉን ውለን በማግስቱ ከኛ ጋር ይሄዳሉ። አለቀ።"

ጋሽ ሰማን አንገታቸውን ደፉ። "ልጄ፣ እንዳልክ" አሉ። እኚያ የገበያ ሚዛን ይዘው ሰው የሚያንቀጠቅጡ ሰውዬ ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነ። ዘይባን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ቃሏ በዓይኗ ፊት ሲፈርስ እያየች ነው።

እኔ አፌም እጄም አያርፍም፤ ሰው ያውቀኛል። ሳሎን ገባሁና ከጣውላው ላይ ያገኘሁትን ሁሉ እየነጠልኩ መወርወር ጀመርኩ። ኮቱን ወረወርኩ፣ ሻርፑን ወረወርኩ፣ ቦርሳውን ወረወርኩ።

"እትዬ፣ ምን ሆነዋል?" አለች ሰልሚያ ደንግጣ።

"ምን ልሁን? ሰውየውን የጣላቸው ዓይናቸው አይደለም፤ የናንተ ኮት ነው! ዓይናቸው ከጠፋ ስንት ጊዜው! ወድቀው ያውቃሉ? ጎረቤት ነኝ፣ እኔን ጠይቁ!"

ሀቢቡ ጣውላውን አየው። "ምንድን ነው ይሄ?"

"መንገዳቸው ነው" አለች ዘይባ።

"በእንጨት ቁርጥራጭ ነው አባቴን የምታኖሪው?" አለ። ንቀቱ አሁንም አለ፤ ግን ድንጋጤው ይበልጥ ነበር።

ዘይባ ጎመኑን ከእጇ አራገፈች። አልጮኸችም። የተበላሸ ነገር ፊት ስትቀመጥ የምትሆነውን ሆነች፤ ተረጋጋች። "ና ሀቢቡ። ከአልጋቸው ጀምር። ዓይንህን ጨፍንና ቧንቧው ጋ ድረስ። ከወደቅክ ይሂዱ፤ እኔ ራሴ ልብሳቸውን አጥፌ እሰጥሃለሁ።"

ሁላችንም ሰማን። ጋሽ ሰማንም በረንዳው ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሰሙ። በዚህች ቃል ላይ የቀረ ዕድሜያቸው እንደተንጠለጠለ ገብቷቸው ነበርና ከንፈራቸው ዱዓ ያደርግ ነበር።

ሀቢቡ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ሰልሚያ በሻርፗ ዓይኑን አሰረችለት፤ እንዳያጭበረብር ብላ ነው፣ ታውቀዋለች። መጀመሪያ እንደ ሕፃን ተንገዳገደ። ከዚያ እጁ ጣውላውን አገኘ። ቆርኪው ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ዳሰሰው፣ "በር ነው" አለ፤ ወጣ። ሳሎኑን ተሻገረ። ላስቲኩን ሲያገኝ እግሩን አሳጠረና ደረጃው አፋፍ ላይ ሳይደርስ ቆመ። "ደረጃ አለ እዚህ" አለ። ድምፁ ተለውጧል።

ከዚያ መዞር የነበረበት ወደ ቀኝ ነው፤ ቧንቧው ያለው በቀኝ ነው። እሱ ወደ ግራ ዞረ። እኔ ጣውላው ወደ ግራም እንደሚሄድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ በበረንዳው ግድግዳ ላይ ወደ ኋላ ክፍሎች ይዘልቃል።

"ሀቢቡ፣ በዚያ አይደለም—" ማለት ስትጀምር ዘይባን አባቷ ከለከሏት።

"ተይው፣ ይሂድ" አሉ።

ሄደ። ጥቂት ተራምዶ ቆመ። ጣቱ ከጣውላው ላይ አንድ ነገር አግኝቶ ወደኋላና ወደፊት ያሸው ጀመር። ጨርቅ ነው። ዕድሜ ልኩን ጨርቅ ሲዳስስ የኖረ ነጋዴ፣ ዓይን አላስፈለገውም። "ከፋይ" አለ። "ይሄ ከኔ ሱቅ የመጣ ከፋይ ነው።"

ማሰሪያውን ከዓይኑ አወረደ። የቆመው የወንዶቹ ልጆች መኝታ ቤት በር ላይ ነው። አረፋ ሲመጡ ብቻ የሚተኙበት ክፍል፤ ዓመቱን ሙሉ ማንም የለበትም።

"አባ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?" አለ።

ጋሽ ሰማን ለመናገር አፈሩ። በእጃቸው ጉልበታቸውን አሻሹ። "መስኮቱን እከፍታለሁ" አሉ። "ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ ማታ ለመግሪብ ሶላት ስነሳ እዘጋዋለሁ። የተዘጋ ክፍል ይሸታል። ድንገት ብትመጡ እንዳይሸታችሁ ብዬ ነው።"

ሀቢቡ ወደ ክፍሉ ገባ። ተከትሎት የገባ የለም። እኛ ውጭ ሆነን የአልጋው እንጨት ሲንቋቋ ሰማን፤ ተቀምጦ ነበር። ሰልሚያ ልትገባ ስትል ዘይባ ክንዷን ያዘቻት። እኔ እንኳ፣ ሰው የሚያውቀኝ እኔ፣ አፌን ዘጋሁ።

ቆይቶ የመስኮቱ መቀርቀሪያ ሲንቀጫቀጭ ተሰማ። ይታገላል፣ ይተወዋል፣ ደግሞ ይታገላል። መጨረሻ ላይ ብቅ አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ዘይባ፣ መቀርቀሪያው ለእጃቸው ይጠነክራል" አለ። "ዘይት አለሽ?"

ዘይባ ከጣሳዋ ውስጥ ዘይቱን ይዛ መጣች። መቀርቀሪያውን ግን ራሷ አልቀባችም። ለእሱ ሰጠችው።